የማኅፀን በር ካንሰር፦ ምርመራውና ሕክምናው

የማኅፀን በር ካንሰር ማኅፀን ከብልት ጋር በሚገናኝበት ጠባብ ክፍል ላይ የሚነሣ ካንሰር ነው። መንሥኤው፣ ከጥቂት ዓይነቶች በቀር፣ በግብረ ሥጋ ግንኙነት የሚተላለፈው ሂዩማን ፓፒሎማ ቫይረስ (ኤች.ፒ.ቪ.) ሲሆን፣ ቁጥር 16 እና 18 የተባሉት ዝርያዎች ብቻ ከ100 ታማሚዎች ለ70 ያህሉ ምክንያት ይሆናሉ። ቫይረሱ ብዙውን ጊዜ ምንም ምልክት ሳያሳይ በራሱ ይጠፋል። ሳይጠፋ ሲቀር ወደ ካንሰር እስኪደርስ ከ15 እስከ 20 ዓመት ሊወስድ ይችላል፤ ቅድመ ካንሰር ምርመራ የሚጠቅመውም በዚህ ረጅም ጊዜ ውስጥ ነው። ኤች.አይ.ቪ. በደማቸው ባለ ሴቶች ዘንድ ጊዜው ያጥራል፣ በበሽታው የመያዝ ዕድሉም ስድስት እጥፍ ገደማ ይሆናል። በ2022 እ.ኤ.አ. (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታትም በዚሁ አቆጣጠር ናቸው) በዓለም ዙሪያ 660 ሺህ ያህል ሴቶች ሲታመሙ 350 ሺህ ያህል ሴቶች ደግሞ በበሽታው ሞተዋል። በኢትዮጵያ በሴቶች ላይ ከሚታዩ ካንሰሮች ከጡት ካንሰር ቀጥሎ ሁለተኛው ነው።

የፓፕ ምርመራ ባለቤትነት

ከማኅፀን በር የተወሰደ ሴል በማይክሮስኮፕ ታይቶ ካንሰርን ሊያመለክት እንደሚችል ቀድሞ ያስተዋለው ማን ነው የሚለው ጥያቄ እስካሁን ያከራክራል። ፓፕ የተባለው ምርመራ የሚጠራው በኒው ዮርክ በኮርኔል ሕክምና ትምህርት ቤት ይሠራ በነበረው ግሪካዊ ጆርጅ ፓፓኒኮላው ስም ነው። ፓፓኒኮላው የጀመረው በካንሰር አልነበረም። የጊኒ ፒጎችን የእንቁላል ዑደት ለማወቅ የብልታቸውን ፈሳሽ ሲመረምር ቆይቶ ወደ ሴቶች ተሸጋገረ፤ ለዓመታት ናሙና የሰጠችውም ባለቤቱ አንድሮማኪ ነበረች። በጥር 1928 በሚሺጋን ግዛት ባትል ክሪክ ከተማ ግኝቱን ሲያቀርብ ብዙም ሰሚ አላገኘም። ጉባኤው ራሱ «ዘርን ስለ ማሻሻል» የተጠራ ስብሰባ ስለነበር ለእንዲህ ያለ ንግግር ተገቢው መድረክ ነበር ለማለት ያስቸግራል።

ሩማንያዊው አውሬል ባቤሽ ግን ከዚያ አንድ ዓመት ቀደም ብሎ፣ በጥር 1927፣ ተመሳሳይ ሐሳብ ቡካሬስት ለሚገኘው የማኅፀን ሐኪሞች ማኅበር አቅርቦ ነበር፤ ጽሑፉም በሚያዝያ 1928 በፈረንሳይኛ መጽሔት ታትሟል። በቀን ብቻ ከተፈረደ ባቤሽ ይቀድማል። የፓፓኒኮላው ደጋፊዎች ግን ሁለቱ ዘዴዎች አንድ አይደሉም ይላሉ። ባቤሽ ሴሉን በፕላቲኒየም ቀለበት በቀጥታ ከማኅፀን በር ላይ ወስዶ፣ አድርቆ፣ ጊምሳ በተባለው ማቅለሚያ ያቀልም ነበር። ፓፓኒኮላው ደግሞ ከብልት ውስጥ ፈሳሽ በፒፔት መጥጦ፣ ሳይደርቅ በአልኮልና በኤተር አጽንቶ፣ ራሱ ባዘጋጀው ማቅለሚያ ያየው ነበር። ክርክሩን ይበልጥ የሚያወሳስበው ከዚያ በኋላ የሆነው ነው፦ ካናዳዊው ኧርነስት ኤር በ1947 ከማኅፀን በር ላይ ሴል መጥረጊያ የእንጨት ማንኪያ አስተዋወቀ። ስለዚህ ዛሬ ፓፕ በሚባለው ምርመራ የናሙናው አወሳሰድ ወደ ባቤሽ፣ ማጽኛውና ማቅለሚያው ወደ ፓፓኒኮላው ያደላል። ዘዴው በብዛት ሥራ ላይ የዋለው ፓፓኒኮላው ከባልደረባው ከኸርበርት ትራውት ጋር በ1941 እና በ1943 ካሳተማቸው ሥራዎች በኋላ መሆኑ አያከራክርም። በሩማንያ ምርመራው በሁለቱም ስም ይጠራል።

በአሴቲክ አሲድ የሚደረግ ምርመራ

ፓፕ ቤተ ሙከራና ፓቶሎጂስት ይፈልጋል፤ ሴትየዋም ውጤት ለመስማት ተመልሳ መምጣት አለባት። ይህ በማይሟላበት አገር፣ ኢትዮጵያን ጨምሮ፣ ቦታውን የያዘው በዓይን የሚደረገው ምርመራ ነው። ነርስ ወይም አዋላጅ ነርስ ከ3 እስከ 5 በመቶ የሆነ አሴቲክ አሲድ፣ ማለትም የአቼቶ ያህል ጥንካሬ ያለው ፈሳሽ፣ የማኅፀን በሩን ቀብታ አንድ ደቂቃ ያህል ትጠብቃለች። ጤነኛ ያልሆነው ክፍል ነጭ ሆኖ ይታያል። አሲዱን ለዚህ ተግባር ያዋለው በ1920ዎቹ አጋማሽ ኮልፖስኮፕ የተባለውን አጉሊ መሣሪያ የሠራው ጀርመናዊው ሐንስ ሂንሰልማን ነው። ይኸው ሰው ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ የሮማ (ጂፕሲ) ሕዝብ ሴቶችን አስገድዶ በማምከን ተከሶ መታሰሩን ብዙዎቹ የሕክምና መጻሕፍት አያነሡም።

የምርመራው ብቃት ላይ የተሠሩት ጥናቶች አይስማሙም። ከ130 ሺህ በላይ ሴቶች በተካተቱበትና በ2009 በታተመው የኦስማናባድ (ሕንድ) ጥናት ሞትን በግልጽ የቀነሰው የኤች.ፒ.ቪ. ምርመራ ብቻ ነበር። በ2014 የወጣው የሙምባይ ጥናት ግን የአሴቲክ አሲድ ምርመራ በየሁለት ዓመቱ ሲደጋገም ሞትን በ31 በመቶ እንደቀነሰ አሳይቷል። ልዩነቱ ምናልባት ከመደጋገሙ የመጣ ሊሆን ይችላል። ያም ሆነ ይህ ውጤቱ በመርማሪዋ ዓይን ላይ የተንጠለጠለ ነው፤ ባረጡ ሴቶች ዘንድም መታየት ያለበት ክፍል ወደ ውስጥ ስለሚገባ እምብዛም አያገለግልም። የዓለም ጤና ድርጅት ከ2021 ጀምሮ የኤች.ፒ.ቪ. ምርመራ እንዲቀድም ይመክራል፤ ለዚህኛው ናሙናውን ሴትየዋ ራሷ ልትወስድ ትችላለች።

በኢትዮጵያ አገልግሎቱ መጀመሪያ ኤች.አይ.ቪ. ላለባቸው ሴቶች ተሰጥቶ፣ በኋላ ከ30 እስከ 49 ዓመት ላሉት ሁሉ በጤና ጣቢያዎች ተስፋፍቷል። ነጭ ሆኖ የታየው ቁስል ትንሽ ከሆነና ወደ ውስጥ ካልዘለቀ በዚያው ቀን በቅዝቃዜ (ክራዮቴራፒ) ወይም በሙቀት ይታከማል። ሰፊ ከሆነ በኤሌክትሪክ ሽቦ ተቆርጦ እንዲወጣ፣ ካንሰር ከተጠረጠረም ለማረጋገጫ ወደ ሆስፒታል ይላካል።

በሽታውን ማረጋገጥ

ከግንኙነት በኋላ የሚታይ ደም፣ ካረጡ በኋላ የሚመጣ ደምና ሽታ ያለው ፈሳሽ አጠራጣሪ ናቸው። የሚያረጋግጠው ግን ባዮፕሲ፣ ማለትም ትንሽ ሥጋ ቆርጦ መመርመር፣ ብቻ ነው። ደረጃው ከ1 እስከ 4 ይከፈላል፤ ከ2018 ወዲህ የኤምአርአይና የሲቲ ስካን ውጤትም ደረጃውን ለመወሰን ይገባል።

ሕክምና

በመጀመሪያው ደረጃ ብዙውን ጊዜ ቀዶ ሕክምና ይበቃል። ማኅፀንን ከአካባቢው ሕብረ ሕዋስ ጋር የሚያወጣውን ቀዶ ሕክምና በ1898 ቪየና ላይ የጀመረው ኧርነስት ቬርትሃይም ነው። ይኸው ቀዶ ሕክምና ሆድ ሳይከፈት በመሣሪያ ሲሠራ በሽታው ይበልጥ እንደሚመለስና ሞትም እንደሚጨምር በ2018 የታተመ ጥናት አሳይቶ ብዙ ሐኪሞችን ወደ ቀድሞው አሠራር መልሷል። በሽታው ከገፋ ጨረር ሲስፕላቲን ከተባለው የካንሰር መድኃኒት ጋር ይሰጣል፤ ሁለቱን ማጣመር ከ1999 ጀምሮ የተለመደ ሆኗል። የውጪው ጨረር ካለቀ በኋላ ከውስጥ የሚሰጠው ጨረር (ብራኪቴራፒ) ሲጎድል የመዳን ዕድል ይቀንሳል። በኢትዮጵያ ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ለብዙ ዓመታት ብቸኛው የጨረር ሕክምና ማዕከል ስለነበር ታካሚዎች ወራት ይጠብቁ ነበር፤ በኋላ ጅማና ሐረር ተጨምረዋል።

ክትባት

ተመራማሪው ሃራልድ ሱር ሐውዘን ኤች.ፒ.ቪ.ን ከካንሰሩ ጋር በማገናኘቱ በ2008 የኖቤል ሽልማት አግኝቷል። የመጀመሪያው ክትባት በ2006 ተፈቀደ። ኢትዮጵያ በታኅሣሥ 2018 (በ2011 ዓ.ም.) የ14 ዓመት ልጃገረዶችን በሁለት ዙር መከተብ ጀመረች። የዓለም ጤና ድርጅት በ2022 መጨረሻ አንድ ዙርም ሊበቃ እንደሚችል አስታውቋል።