ከመርፌ በፊት የነበረ ዕውቀት

ፈንጣጣን ማን ድል ነሣው ቢባል አብዛኞቻችን ከትምህርት ቤት ያመጣነው መልስ አንድ ነው፤ ኤድዋርድ ጄነር። ይህ እንግሊዛዊ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1796 ላም ከምታልብ ሴት እጅ የላም ፈንጣጣ መግል ወስዶ የ8 ዓመት ልጅ ክንድ ላይ ከተበ። ኋላ የሰው ፈንጣጣ ቢያስገባበት ልጁ አልታመመም። ይህ ሐቅ ነው። ታሪኩ ከዚያ ይጀምራል ማለት ግን ሌላ ነገር ነው።

ከዚያ 75 ዓመት አስቀድሞ፣ እ.ኤ.አ. በ1721፣ አሜሪካን አገር ቦስተን ከተማ ፈንጣጣ ገባ። ኮተን ማዘር የሚባል ቄስ ቤት ውስጥ ቀደም ሲል ኦኔሲመስ የተባለ በባርነት የተያዘ አፍሪካዊ ነበር (ስሙን እንኳ ያወጣለት ጌታው ነው)። ቄሱ ከዓመታት በፊት ፈንጣጣ ይዞህ ያውቃል ወይ ቢለው፣ አዎም አይደለምም ብሎ የክንዱን ጠባሳ አሳየው። በአገሩ ከታማሚ መግል ወስደው የጤነኛውን ቆዳ በጥተው ያስገቡበታል፤ ሰውየው ቀለል ብሎት ይታመምና ዳግመኛ አይያዝም። ቄሱ ይህንን ለከተማው ሐኪሞች ቢነግር ከዛብዲየል ቦይልስተን በቀር የሰማው አልነበረም። እንዴት ተደርጎ፣ ባሪያ የነገረውን! እንዲያውም ቄሱ ቤት ቦምብ ተወረወረ። ቦይልስተን ግን ከ240 በላይ ሰዎች ከተበ፤ የሞቱት 6 ብቻ ናቸው። በሽታው በራሱ መንገድ ከያዛቸው ደግሞ ከ7 አንዱ ያህል አለቀ።

እኛም ዘንድ ነገሩ አዲስ አልነበረም። በ19ኛው ምዕተ ዓመት መጀመሪያ ትግራይ ውስጥ የኖረው እንግሊዛዊ ናታንኤል ፒርስ ሕዝቡ ፈንጣጣ ሲከትብ አይቶ ጽፏል።

ለመሆኑ ገላ ውስጥ ምን ይካሄዳል? መግሉ በተበጣው ቆዳ በትንሹ ሲገባ፣ በትንፋሽ ሳንባ ድረስ እንደሚገባው ሳይሆን ለገላ ፋታ ይሰጣል። መጀመሪያ ያገኙትን ሁሉ የሚውጡ ነጭ የደም ሴሎች ይደርሳሉ፤ ሜችኒኮፍ እነዚህን በላተኞች ማጥናት የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1882 ነው። ቀጥለው ያንን ጠላት ብቻ ለይተው የሚያውቁ ሴሎች ይበዛሉ፤ ገሚሱ አንቲቦዲ ያመርታል፣ ገሚሱ የተበከለውን ሴል ይገድላል። ጦርነቱ ሲያልቅ አብዛኞቹ ይሞቱና ጥቂቶቹ ለአሥርታት ይቆያሉ፤ ጠላት ሲመለስ ማስታወሻው አለ። “ከተበ” በቋንቋችን ጻፈ ማለትም መሆኑ መቼም ደስ ይላል። የላሙ ፈንጣጣም የሠራው የሰውየውን ስለሚመስል ነው።

ዕውቀቱ ግን ክፉ ጎን ነበረው። በመግል የተከተበ ሰው የታመመው እውነተኛውን ፈንጣጣ ስለሆነ ለጎረቤቱ ያስተላልፋል። እ.ኤ.አ. በ1971 የማጥፋቱ ዘመቻ አገራችን ውስጥ ሲጀመር በዓመቱ ከ26 ሺህ በላይ ታማሚ ተመዘገበ፤ ባለ መርፌዎቹ በእግርና በበቅሎ ገጠር ሲገቡ የጥንቱ ከታቢዎች ገና ሥራ ላይ ነበሩ። አንዳንድ ቦታ ሕዝቡ አዲሱን ክትባት እምቢ አለ። ይህንን ድንቁርና ነው ብሎ የሚያልፍ ሰው ያናድደኛል። ከአባቱ የወረሰው ብልሃት ሲሠራ ያየ ገበሬ፣ የማያውቀው ሰው ይዞት የመጣውን መርፌ ለምን ወዲያው ይመን? ክርክሩ በየመንደሩ፣ ቤት ለቤት ነበር። የመጨረሻው ታማሚ በኦጋዴን በረሃ የተገኘው ነሐሴ 1968 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 1976) ነው።