ባቡር ሲቆምና ሲያልፍ፦ የሹመንደፈር ታሪክ በእኛ በኩል ሲታይ

ባለፈው ወርኃዊ ስብሰባችን ላይ የአትክልት ንግድ ቡድናችን አባላት አንድ ጥያቄ አንሥተው ነበር። «አዲሱ ባቡር ጅቡቲ ድረስ ይሄዳል፤ ታዲያ እኛ ቲማቲማችንን ለምን በእሱ አንልክም?» የሚል ነው። ውይይቱ ሞቀ፣ ሰዓቱም አለቀ። በዕድሜ የገፉት እናቶቻችን «ዱሮ እኮ እንዲህ አልነበረም» እያሉ ሲያወጉ፣ በሠላሳዎቹ ዕድሜ ያለነው ግን በባቡር ከተማ ተወልደን አድገን የባቡሩን ታሪክ በቅጡ እንደማናውቅ ገባን። ስለዚህ ለዚህ እትም ጉዳዩን ከሥሩ ለማየት ሞከርን። ሙያችን ሂሳብ ነውና፣ ማን ከፈለ፣ ማን አተረፈ ብሎ መጠየቅ ልማዳችን ነው። ታሪኩንም ያየነው በዚሁ ዓይን ነው።

ከባቡር በፊት የሐረር ቡና፣ ቆዳና ሰም ወደ ባሕር የሚወርደው በግመል ነበር። ዋናዋ በር ዘይላ ነበረች። ከአዲስ አበባ ለሚነሣ ነጋዴ ደግሞ ባሕር እስኪደርስ ከአንድ ወር በላይ ይፈጅበታል። አፄ ምኒልክ በ1886 ዓ.ም. ለስዊዘርላንዳዊው አማካሪያቸው ለአልፍሬድ ኢልግ የባቡር ሥራ ፈቃድ ሰጡ፤ ዘመኑም 99 ዓመት ነበር። ኢልግ ሌዮን ሸፍኔ ከተባለው ፈረንሳዊ ጋር ሆኖ ኩባንያ አቋቋመ። ሥራው በ1890 ዓ.ም. ከጅቡቲ ወደብ ተጀመረ።

የመጀመሪያዎቹ ዓመታት ከባድ ነበሩ። ሐዲዱም ብረቱም ሁሉ በመርከብ ከባሕር ማዶ ይመጣል። አገሩ በረሃ ነው። ውኃ ከሌለ ሠራተኛው ብቻ ሳይሆን በእንፋሎት የሚሄደው ባቡር ራሱ መራመድ አይችልም። ስለዚህ ጣቢያዎቹ ሲመረጡ አንዱ ዋና ጉዳይ ውኃ ነበር። መስመሩ የሚያልፈው ደግሞ በኢሳ አርብቶ አደሮች የግጦሽ መሬት ላይ ነው። እነሱን ማንም አላማከራቸውም። ለግመል ባለቤቱ ባቡር ማለት ሥራውን የሚነጥቅ ባላንጣ ነውና፣ በሥራው ቦታ ላይ ጥቃት ይደርስ ነበር፤ ሰውም ሞቷል። በኋላ ኩባንያው ለባላባቶች ገንዘብ እየከፈለ፣ ከአካባቢው ሰዎችም ጥበቃ እየቀጠረ ነው መንገዱ የረጋው። ይህን ማንሣታችን ያለ ምክንያት አይደለም። በባቡር ታሪክ ውስጥ የአካባቢው ሕዝብ ጥቅም ገና ከጅምሩ በስጦታ የመጣ አልነበረም፤ ተጠይቆ፣ አንዳንዴም ተጣልተውበት የተገኘ ነው።

መጀመሪያ የታሰበው ባቡሩ ሐረር ድረስ እንዲወጣ ነበር። ተራራው ግን እምቢ አለ። ሐዲድ በዚያ ቁልቁለት ለማውጣት የሚጠይቀው ወጪ ስለከበደ መስመሩ ከተራራው ግርጌ በሜዳው እንዲሄድ ተወሰነ። በ1895 ዓ.ም. ከጅቡቲ 310 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ ደቻቱ አሸዋ ዳር ቆመ። ያን ጊዜ እዚህ ይህ ነው የሚባል ከተማ አልነበረም። ለአጭር ጊዜም ቢሆን ቦታው «አዲስ ሐረር» ይባል ነበር። ድሬዳዋ የተወለደችው እንግዲህ ባቡሩ ተራራ መውጣት ስላቃተው ነው ብንል አላጋነንንም።

ከዚያ በኋላ ባቡሩ ለዓመታት ከዚህ አላለፈም። የፈረንሳይ መንግሥት በኩባንያው ላይ እጁን ማስገባቱ ምኒልክን አስቆጣቸው፤ እንግሊዝና ጣሊያንም የየራሳቸውን ድርሻ ፈለጉ፤ ኩባንያው ከሰረ። ለነገሥታቱና ለባንኮቹ ይህ ኪሳራ ነበር። ለድሬዳዋ ግን የመስመሩ መጨረሻ መሆን ሲሳይ ሆነላት። ዕቃ ሁሉ እዚህ ይራገፋል፣ እዚህ ይጫናል፣ እዚህ ይቀረጣል፣ እዚህ ያድራል። ግሪኩ፣ አርመኑ፣ ዐረቡ፣ ሕንዱ፣ ሶማሌው፣ ኦሮሞው፣ አማራው፣ ሐረሪው፣ ጉራጌው ሁሉም መጣ። ኩባንያው ከደቻቱ ወዲህ ከዚራን በቀጥተኛ መንገድና በዛፍ ጥላ ሠራ፤ ከደቻቱ ወዲያ መጋላ በራሱ ጊዜ፣ በራሱ መልክ አደገ። ዛሬ ከከዚራ ወደ ቀፊራ ገበያ ስንሻገር የምናየው የሁለት ከተማ መልክ ከዚያ የመጣ ነው።

አዲስ ኩባንያ ተቋቁሞ ሥራው ቀጠለና ሐዲዱ አዋሽን ተሻግሮ በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ገባ። ጠቅላላ ርዝመቱ 780 ኪሎ ሜትር ያህል ነበር። አዲስ አበባ ላይ ዛሬ የምናየው የለገሃር ሕንፃ ግን የተመረቀው በ1922 ዓ.ም. ነው። በመንገዱ ላይ አዳማ፣ ሞጆ፣ አዋሽ፣ ሚኤሶ ባቡሩ በመቆሙ ከተማ ሆኑ፣ ወይም አደጉ።

የከሰሩም አሉ። ዘይላ ንግዷን ለጅቡቲ አስረክባ ደከመች። ሐረርም የዘመናት የንግድ ማዕከል ሆና ሳለ ገበያዋ ወደ ሜዳው ሲወርድ አየች። ሁለቱም ባቡሩ ያልደረሰባቸው ቦታዎች ናቸው። እኛ ድሬዎች ስለ ባቡር ስናወራ በሐረር ፊት ትንሽ ዝቅ ብለን ብናወራ አይከፋም።

አሁን ወደ እናቶቻችን እንምጣ። በድሮው ዘመን ባቡሩ ሌሊት አይሄድም ነበር። ከጅቡቲ የተነሣ መንገደኛ አንድ ሌሊት ድሬዳዋ፣ አንድ ሌሊት አዋሽ አድሮ በሦስተኛው ቀን አዲስ አበባ ይገባል። ዝግታው ለመንገደኛው ሥቃይ ቢሆንም ለጣቢያው ሴቶች እንጀራ ነበር። የሚያድር ሰው እራት ይበላል፣ አልጋ ይከራያል፣ ውኃ ይገዛል። በኋላ የናፍጣ ባቡር መጥቶ ጉዞው ካጠረም በኋላ በየትንሿ ጣቢያ መቆሙ አልቀረም። ኤረር ላይ ብርቱካንና መንደሪን በዘንቢል ይዘው በመስኮት የሚያቀርቡ ሴቶች ነበሩ። በሽንሌ፣ በአዲጋላና በአይሻ በኩል የኢሳ ሴቶች የግመል ወተት በዕቃቸው ሞልተው ይሳፈራሉ፤ ወተቱ ሳይበላሽ ድሬዳዋ ወይም ጅቡቲ ይደርሳል። ቅዝቃዜ የሚጠብቅ መኪና የላቸው፣ ማከማቻ የላቸው። የነበራቸው የባቡሩ ሰዓትና የሦስተኛ ማዕረግ ትኬት ነው።

ከድሬዳዋ ወደ ጅቡቲ ሽንኩርት፣ ቲማቲም፣ ፍራፍሬና ጫት ይሄዳል፤ ከጅቡቲ ጨርቅ፣ ሽቶ፣ ሩዝ፣ ፓስታ፣ የወጥ ቤት ዕቃ ይመጣል። የዚህ ንግድ ባለቤቶች በአብዛኛው ሴቶች ነበሩ። እውነቱን እንናገር ካልን፣ የሚመጣው ዕቃ ሁሉ ቀረጥ የተከፈለበት አልነበረም። ልብስ በልብስ ላይ ደርበው ወፍረው የሚወርዱ ሴቶችን፣ ፊናንስ ሲመጣ ከፉርጎ ፉርጎ የሚተላለፍ ጥቅልን ስንሰማ ያደግን ነን። የሂሳብ ሰው ሆነን «መልካም ነበር» ልንል አንችልም። ነገር ግን በዚያ ገንዘብ ስንት ልጅ እንደተማረ የማያውቅ የድሬ ሰው የለም፤ ይህን የምታነቡት አንዳንዶቻችሁም ከዚያ የተረፈ ደብተርና እርሳስ ይዛችሁ ነው ትምህርት ቤት የገባችሁት።

ሌላው ትርፍ የእጅ ሙያ ነው። ባቡሩ ድሬዳዋ ላይ ትልቅ የጥገና ጋራዥ ነበረው፤ ማሽኖቹ ዛሬም አሉ። የተሰበረ የባቡር ዕቃ እዚያው ይቀለጣል፣ ይቀረጻል፣ ይበየዳል። ከዚያ የወጡ ሙያተኞች በከተማው ፋብሪካዎችም ሠርተዋል። የባቡር ሠራተኛ ወር ጠብቆ ደመወዝ ያገኛል፤ ስለዚህ ሱቅ በዱቤ ይሰጠዋል፣ ሚስቱ እቁብ ትጥላለች። ፈረንሳይኛ ከአማርኛ፣ ከኦሮምኛና ከሶማሊኛ ጋር እየቀላቀለ የሚናገረው የሹመንደፈር ሰው የከተማችን አንዱ መልክ ነበር።

በወጪ በኩል የሚጻፈው ብዙ ነው፤ አንዱን ግን መዝለል አይቻልም። በጥር 1977 ዓ.ም. አዋሽ አጠገብ ባቡሩ ከሐዲዱ ወጥቶ ከ400 በላይ ሰው ሞተ። በአፍሪካ ከደረሱት የባቡር አደጋዎች ሁሉ በከፋነቱ የሚጠቀስ ነው። ከእኛ መካከል በዚያ ቀን ዘመድ ያጣ ቤት አለ።

ከዚያ መስመሩ እያረጀ ሄደ። ቀድሞም በሶማሊያ ጦርነት ጊዜ ድልድዮቹ ተጎድተው ነበር። የአስፋልት መንገዱና የጭነት መኪናው ገበያውን ወሰዱ፤ ጥገናው አነሰ። በ2000 ዓ.ም. ገደማ ከአዲስ አበባ ወደ ድሬዳዋ የሚመጣው ቆመ። የእኛ ወገን ክፍል ጥቂት ቆየ፤ እሱም ቆም ብሎ እየተነሣ፣ እየተነሣ ቆም ሲል ደከመ። መኪና ወደማይደርስባቸው ትናንሽ ጣቢያዎች ባቡሩ ሲቀር ምን እንደሆነ የጻፈ ብዙ የለም። ወተት የምትሸጠዋ ሴት ወተቷ ሜዳ ላይ ቀረ። ከጅቡቲ ንግድ የነበሩት የሰፈራችን እናቶች ከፊሎቹ ጉሊት ተቀመጡ፣ ከፊሎቹ ልጃቸውን ወደ ዐረብ አገር ላኩ። ማኅበራችን ሲመሠረት ከመጀመሪያዎቹ አባላት ብዙዎቹ ከነዚሁ እናቶች ነበሩ።

አዲሱ ባቡር መስከረም 25 ቀን 2009 ዓ.ም. ተመረቀ፤ መደበኛ ሥራ የጀመረው በ2010 ዓ.ም. ነው። ርዝመቱ ከ750 ኪሎ ሜትር ይበልጣል፤ የሚሄደው በኤሌክትሪክ ነው፤ የድሮው ሐዲድ ስፋት አንድ ሜትር ሲሆን የአሁኑ አንድ ሜትር ከ43 ሳንቲም ተኩል ነው። አብዛኛው ገንዘብ ከቻይና የወጪና ገቢ ንግድ ባንክ በብድር መጣ። የሠሩትም የቻይና ኩባንያዎች ናቸው፤ በ2016 ዓ.ም. ሥራ አመራሩ ለኢትዮጵያና ለጅቡቲ ወገን ተላልፏል። መኪና ሁለትና ሦስት ቀን የሚፈጅበትን መንገድ ባቡሩ ከአንድ ቀን ባነሰ ጊዜ ይጨርሰዋል። ማዳበሪያና ስንዴ ይጭናል፣ ኮንቴይነር ያመላልሳል። ከተማችን ላይ በ2014 ዓ.ም. መጨረሻ የተከፈተው ነጻ የንግድ ቀጠናም ያለ ባቡሩ ባልታሰበ ነበር። ይህ ትልቅ ጥቅም ነው፤ ለአገር ገቢና ወጪ ንግድ የሚያስፈልግ መሆኑንም አንክድም።

ግን ባቡሩ የተሠራው ለኮንቴይነር ነው። አንድ ኮንቴይነር የሚሞላ ቲማቲም ያላት አባል ማኅበራችን ውስጥ የለችም። የድሮው ለገሃር ከተማው መሐል ነበር፤ እናቶቻችን ዕቃቸውን በጋሪ አስጭነው በእግራቸው ይደርሱ ነበር። አዲሱ ጣቢያ ከከተማው ወጣ ብሎ ስለሚገኝ፣ አሥር ሳጥን ቲማቲም በባጃጅ አስጭና እዚያ የምትደርስ ሴት ለባጃጅና ለወዛደር የምትከፍለው ትርፏን ይበላዋል። ባቡሩ የሚቆምባቸው ጣቢያዎችም ከድሮው ያነሱ ናቸው። ፍጥነት የሚገኘው ባለመቆም እንደሆነ ይገባናል። ሆኖም በአዲሱ ሐዲድ ዳር ያለው አርብቶ አደር እስካሁን ከባቡሩ ጋር የሚገናኘው በአብዛኛው ግመሉ ወይም ላሙ ሲገጭበትና የካሣ ክርክር ሲነሣ ከሆነ፣ ነገሩ ከመቶ ዓመት በፊት ከነበረው ብዙ አልራቀም።

ከአንዳንድ አባላት «ታዲያ የድሮው ይመለስ?» የሚል ሐሳብ መጥቶ ነበር። አይመለስም፤ ቢመለስም ትርፋማ አይሆንም፣ ይህን በሂሳብ ማሳየት ቀላል ነው። ያልገባን ሌላ ነገር ነው። ረጅም የጭነት ባቡር ውስጥ አንድ ፉርጎ ለትናንሽ ነጋዴ ዕቃ ቢመደብ፣ በሳምንት በታወቀ ቀንና ሰዓት፣ በኪሎ ተመዝኖ ቢከፈል፣ ኪሳራው ምን ያህል ነው? የአትክልት ቡድናችን ብቻውን ፉርጎውን አይሞላም። ከወተት ሻጮቹ፣ ከሌሎች የከተማው ማኅበራትና ከኤረር አምራቾች ጋር ቢሆን ግን ሊሞላ ይችላል ብለን እናምናለን። ከከተማው ወደ ጣቢያው ደግሞ በባቡሩ ሰዓት የሚሄድ አንድ የጋራ አይሱዙ ብንከራይ የባጃጁ ወጪ ይቀንሳል። በዚህ ላይ ማኅበራችን ራሱ ሊያወጣው የሚችለውን ገንዘብ አስልተን ለሥራ አመራር ኮሚቴው አቅርበናል።

ለሚመለከተው ክፍል የሚገባው የጥያቄ ደብዳቤም ተረቅቋል፤ የእያንዳንዷ ነጋዴ አባል ሳምንታዊ የጭነት መጠን ከጀርባው በሰንጠረዥ ይያያዛል። ስማችሁንና መጠናችሁን ያላስመዘገባችሁ አባላት ማክሰኞና ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ጽሕፈት ቤታችን መጥታችሁ አስመዝግቡ። የጅቡቲ ንግድ የነበራችሁ እናቶችም ብትመጡ ደስ ይለናል። የትኛው ዕቃ በየትኛው ወቅት እዚያ ዋጋ እንደሚያወጣ ሰንጠረዡ ላይ ባዶ የተውነው አምድ አለ፤ እሱን መሙላት የምትችሉት እናንተ ናችሁ።