ደማቅና ታማኝ፦ ከማዘጋጃ ቤት እስከ ሰንዳፋ፣ ስክሪን የመምረጥ ታሪክ

ጥቅምት 23 ቀን 1957 ዓ.ም.፣ የንጉሠ ነገሥቱ የዘውድ በዓል በሚከበርበት ዕለት፣ የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ሥራውን በይፋ ጀመረ። ስቱዲዮው በአዲስ አበባ ማዘጋጃ ቤት ሕንፃ ውስጥ ነበር። ምስሉ ጥቁርና ነጭ ሲሆን መቀበያው ያለውም በጥቂት ሰዎች ቤት ነበር። በዚያ ዘመን «የትኛውን ስክሪን ልግዛ?» ብሎ የሚጨነቅ አልነበረም። ሰው የሚጠይቀው «ቴሌቪዥን ያለው ማን ቤት ነው?» ብሎ ነበር።

ዛሬ ጥያቄው ተቀይሯል። ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ በሚወስደው መንገድ 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቃ በምትገኘው ሰንዳፋ አንድ ፎቶ ቤት የከፈተ ወጣት እናስብ። ቀን የሠርግ ፎቶ ያርማል፤ ማታ ከጓደኞቹ ጋር የኳስ ጌም ይጫወታል፤ እሑድ ከቤተሰቡ ጋር ፊልም ያያል። በእጁ ያለው ገንዘብ ለሦስቱም የሚያገለግል አንድ ሞኒተር ቢገዛለት ነው። በሰበታ፣ በቡራዩና በሱሉልታም የእሱ ብጤ ሞልቷል። አዲስ አበባ ገብቶ ሲጠይቅ ሻጩ ቁጥር ይደረድርለታል፦ 27 ኢንች፣ 144 ኸርዝ፣ ፎርኬ፣ ኤችዲአር። ቁጥሩ ሁሉ እውነት ሊሆን ይችላል። ነገር ግን ካርቶኑ ላይ የማይጻፍ አንድ ጥያቄ አለ፦ ይህ ስክሪን ደማቅ ነው ወይስ ታማኝ?

ሁለቱ አንድ እንዳልሆኑ ይህች አገር ከማንም በላይ ታውቃለች።

መስከረም 1 ቀን 1967 ዓ.ም. ምሽት፣ የእንግሊዛዊው ጋዜጠኛ ጆናታን ዲምብልቢ የወሎን ረሃብ የሚያሳየው ፊልም በኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ታየ። ደርግ በረሃቡ መሐል የቤተ መንግሥቱን ድግስ የሚያሳዩ ምስሎች አስገብቶበት ነበር። በማግስቱ ንጉሠ ነገሥቱ ከዙፋናቸው ወረዱ። ያ ሁሉ የሆነው ቀለም በሌለው ስክሪን ነው። ፊልሙም ቢሆን ለፖለቲካ ዓላማ ተቆርጦ ተቀጥሏል፤ የረሃቡ እውነት ግን ለሕዝብ የደረሰው በዚያው ደብዛዛ መስኮት ነበር።

ከ10 ዓመት በኋላ ቀለም መጣ። በመስከረም 1977 ዓ.ም. የአብዮቱ 10ኛ ዓመት ሲከበር ቴሌቪዥኑ ሰልፉን፣ ባንዲራውንና ቀዩን ኮከብ በቀለም አሳየ። በዚያው ሰሞን በሰሜን ኢትዮጵያ ሕዝብ በረሃብ እየረገፈ ነበር፤ በበዓሉ ድምቀት ውስጥ ግን ስለ እሱ ማንሳት አይፈለግም ነበር። ዓለም ጉዳዩን የተረዳው ጥቅምት 13 ቀን 1977 ዓ.ም. የመሐመድ አሚን ካሜራና የማይክል በርክ ድምፅ ኮረምን በቢቢሲ ሲያሳዩት ነው። ስክሪኑ ደምቆ ሳለ ታማኝነቱ ጎድሎ ነበር።

የሞኒተር ገበያም በራሱ መጠን ይህንኑ ያደርጋል። መደብር ውስጥ የተደረደሩ ስክሪኖች ብዙ ጊዜ ብርሃናቸው እስከ ጥግ ተከፍቶ፣ ቀለማቸው ተጋንኖ ነው የሚቆሙት። ዓይን ወደ ደማቁ ይሳባል፤ ስለዚህ ደማቁ ይሸጣል። ጉዳቱ የሚታወቀው ቤት ከተደረሰ በኋላ ነው። የጉዳቱ ልክ ግን ለፎቶ፣ ለፊልምና ለጌም አንድ አይደለም። ሦስቱም ወደ ኢትዮጵያ የገቡት በየራሳቸው በር ነው፤ ከስክሪን የሚፈልጉትም የተለያየ ነው።

ቀድሞ የገባው ፎቶ ነው። አርመናዊው ቤድሮስ ቦያጂያን በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን አዲስ አበባ መጥተው የቤተ መንግሥት ፎቶግራፍ አንሺ ሆኑ፤ ልጆቻቸው ሃይጋዝና ቶኒም ሙያውን ወርሰው ቀጠሉ። በኋላ በተስፋፉት ፎቶ ቤቶች ጥቁርና ነጩን ፎቶ በእጅ ቀለም መቀባት አንዱ ሙያ ነበር። ጠይሙን ጠይም፣ ቀዩን ቀይ አድርጎ ማውጣት የባለሙያው ዓይን ኃላፊነት ነው። ዛሬ ይህ ኃላፊነት ግማሹ በሞኒተሩ ላይ ወድቋል። ስክሪኑ ወደ ሰማያዊ የሚያደላ ከሆነ የሙሽራዋ ሐበሻ ቀሚስ ሰማያዊ ይመስላል፤ ወጣቱ ሊያርም ብሎ ቢጫ ይጨምራል፤ ታትሞ ሲመጣ ነጩ ቀሚስ ቢጫ ሆኖ ቁጭ ይላል። ብርሃኑ ከልክ በላይ ከሆነም ስክሪኑ ላይ የጠራው ፊት ወረቀት ላይ ይጠቁራል። ለዚህ ሥራ ፓነሉ አይፒኤስ የተባለው ዓይነት ቢሆን ይመረጣል። ከጎን ሲታይ ቀለሙ የሚለዋወጠውን የቀድሞውን ቲኤን ለማሻሻል በ1990ዎቹ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ገበያ ላይ የዋለ ነው። የኤስአርጂቢን የቀለም ክልል ሙሉ በሙሉ ወይም ለሙሉ በቀረበ መጠን ማሳየቱም መጠየቅ አለበት። ብዙ ስልክም፣ ኢንተርኔትም፣ ብዙ የፎቶ ማተሚያ ቤትም የሚነጋገረው በዚህ መለኪያ ነው።

ፊልም የገባው በጨለማ በር ነው። የአዲስ አበባ ሰው የመጀመሪያውን ሲኒማ «ሰይጣን ቤት» ያለው በጨለማ ውስጥ የሚንቀሳቀስ ምስል አስደንግጦት ነው። ዘመናት አልፈው የየሰፈሩ ቪዲዮ ቤት ሲከፈትም መስኮቱ በብርድ ልብስ ይጋረድ ነበር። ፊልም ከስክሪን የሚፈልገው ከሁሉ በፊት እውነተኛ ጥቁር ነው። በዚህ ቪኤ የተባለው ፓነል ይበልጣል፤ አይፒኤስ በአብዛኛው 1,000 ለ1 ገደማ የሆነ የብርሃንና የጨለማ ልዩነት ሲሰጥ ቪኤ 3,000 ለ1ና ከዚያ በላይ ይሰጣል። ሆኖም ጥቁሩ ትንሽ ግራጫ ቢመስል የሚጎዳ ሰው የለም፤ ፊልሙ ነገም ይታያል።

ጌም የገባው በፕሌይስቴሽን ቤት ነው። በሰዓት ወይም በጨዋታ እየተከፈለ፣ ተራ እየተጠበቀ፣ በወፍራሙ የድሮ ቴሌቪዥን ይጫወቱ ነበር። ያ ቴሌቪዥን ምስሉ ሻካራ ቢሆንም ጣት ሲነካ ተጫዋቹ ወዲያው ይንቀሳቀስ ነበር። ዛሬ 144 ኸርዝ የሚባለው ስክሪኑ በሰከንድ 144 ጊዜ ምስሉን ያድሳል ማለት ነው። ነገር ግን ምስሉን የሚልከው ኮምፒውተር ይህን ያህል ካላመረተ ቁጥሩ ጌጥ ብቻ ነው። ፕሌይስቴሽን 4 የሚልከው ቢበዛ 60 ነው፤ ፕሌይስቴሽን 5 እስከ 120 ይደርሳል። ፊልም ደግሞ በአብዛኛው በሰከንድ 24 ምስል ይበቃዋል። ያለውን ማሽን ሳያዩ ለኸርዝ መክፈል፣ በቅሎ ሳይኖር ኮርቻ መግዛት ነው።

ይህ ሁሉ ስሌት ዋጋ ያለው ስህተቱ ውድ ስለሆነ ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ ለገበያ ሲለቀቅ፣ 57 ብር ገደማ የነበረው አንድ ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። ሞኒተር ከውጭ የሚመጣ ዕቃ ነው። ሰንዳፋ ያለ ፎቶ አንሺ ተሳስቶ ከገዛ፣ ዕቃውን ተሸክሞ ተመልሶ «ቀይሩልኝ» ማለቱም መንገዱም ብሩም ነው።

እንግዲህ አንድ ስክሪን ለሦስት ሥራ የሚገዛ ሰው መጀመር ያለበት ስህተቱ ከማይመለስበት ሥራ ነው። የተሸነፉበት ጌም በድጋሚ ይጀመራል። ፊልሙም ይደገማል። ሠርግ ግን አይደገምም። ስለዚህ ቀድሞ የቀለሙ ታማኝነት፣ ቀጥሎ 27 ኢንች ላይ 2560 በ1440 ያህል ጥራት፣ ከዚያ ገንዘብ ከተረፈ 100 ኸርዝና ከዚያ በላይ። ለኤችዲአር ምልክት ብቻ ብሎ ተጨማሪ መክፈል አያስፈልግም፤ በርካሽ ሞኒተር ላይ የሚለጠፈው ምልክት ብዙ ጊዜ ከስም አያልፍም። የተረፈው ብር ለስታብላይዘር ቢውል ይሻላል፤ መብራት ሄዶ በኃይል ሲመለስ ፓነሉን አይመርጥም።

መፈተኛውም ቀላል ነው። በደንብ የታተመ አንድ ፎቶና ያው ፎቶ ያለበት ፍላሽ ይዞ መሄድ። ሻጩን ብርሃኑን ዝቅ አድርጎ ቀለሙን ወደ ኤስአርጂቢ እንዲመልሰው መጠየቅ። ከዚያ ወረቀቱን ከስክሪኑ አጠገብ ይዞ ማስተያየት፤ ከፊትም ከጎንም። ያገለገለ ሞኒተር ለሚገዛም ፈተናው ይኸው ነው።

በ1970ዎቹ መጀመሪያ ኢትዮጵያን ከዓለም አቀፉ የሳተላይት መገናኛ ጋር ያገናኘው ጣቢያ የተተከለው ሱሉልታ ላይ ነበር። የዓለም ምስል በዚያች ከተማ ሰማይ በኩል ሲያልፍ፣ የትኛው እንደሚታይና በየትኛው ቀለም እንደሚታይ የሚወስነው ሌላ ነበር። ዛሬ በእነዚያው ከተሞች ምስሉን የሚያነሣው፣ የሚያርመውና ለሰው የሚያሳየው የሰፈሩ ልጅ ነው። ውሳኔው እጁ ገብቷል። በ1977 ዓ.ም. የደመቀውን ስክሪን ያየ ትውልድ ለዚህ ልጅ የሚያወርሰው ምክር አንድ ነው፦ ድምቀቱን ሳይሆን ታማኝነቱን ግዛ።