አበበ ቢቂላ ጫማ አጥቶ አይደለም

ስለ ሻምበል አበበ ቢቂላ ባስተማርኩ ቁጥር ከኋላ ወንበር አንድ እጅ መውጣቱ አይቀርም። «ቲቸር፣ ጫማ መግዣ አጥቶ ነው አይደል በባዶ እግሩ የሮጠው?» የቀድሞ ተማሪዎቼ ጥያቄውን ታስታውሱታላችሁ፤ ምናልባት ጠያቂው አንተው ነበርክ። ዛሬ ሰፋ አድርጌ ልመልሰው፤ ምክንያቱም ይሄን ታሪክ አጣመን መያዛችን አሁን የሚሮጡ ልጆችን እግር እየጎዳ ነው ብዬ አምናለሁ።

ጫማ አላጣም። ሮም ደርሶ አዲስ የመሮጫ ጫማ ገዝቷል። ጫማው ግን አልተስማማውም፣ እግሩ ውሃ ቋጠረ። ውሃ በቋጠረ እግር፣ ባልተለማመዱት ጫማ 42 ኪሎ ሜትር መሮጥ ምን ማለት እንደሆነ የሮጠ ያውቀዋል። የታመመውን ቦታ ላለመርገጥ ስትል አረጋገጥህ ይዛባል፣ መዘዙ ወደ ጉልበትና ወደ ዳሌ ይወጣል። በባዶ እግር መሮጥ ደግሞ አበበ ልምምድ ላይም የሚያደርገው ነገር ነበር፤ አሰልጣኙ ስዊድናዊው ኦኒ ኒስካነንም ይሄን ያውቃል። ስለዚህ ውሳኔው የድህነትም የጀብድም አልነበረም። ጉዳትን መሸሽ ነበር፣ ሌላ ምንም አይደለም።

ውድድሩ ጳጉሜ 5 ቀን 1952 ዓ.ም.፣ የእንቁጣጣሽ ዋዜማ ዕለት፣ ወደ ማታ ላይ ነበር። 2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ነጥብ 2 ሰከንድ፣ የዓለም ክብረ ወሰን። ሞሮኳዊው ራዲ ቤን አብደሰላም 25 ሰከንድ ዘግይቶ ገባ። ዓለም «ማነው ይሄ?» አለ። እኛም እስካሁን እንደ ተአምር እናወራዋለን። ተአምር ግን አልነበረም። ከሮም በፊት አዲስ አበባ ላይ፣ ከ2,300 ሜትር ከፍታ በላይ፣ በ2 ሰዓት ከ21 ደቂቃ ከ23 ሰከንድ ሮጧል። ይሄ ሰዓት በጊዜው ኤሚል ዛቶፔክ ይዞት ከነበረው የኦሎምፒክ ክብረ ወሰን የፈጠነ ነው። የሮምን መንገድም ከኒስካነን ጋር ቀድመው ደጋግመው አይተውታል፤ የት ላይ ጥሎ እንደሚሄድ ሳይቀር ተነጋግረዋል። ቦታው ከእኛ ተወስዶ እዚያ የቆመው የአክሱም ሐውልት አካባቢ መሆኑን ሳስተምር እኔ ራሴ ድምፄ ይለወጣል፣ አልዋሽም።

ቶኪዮ ላይስ? ጥቅምት 11 ቀን 1957 ዓ.ም. አበበ ጫማም ካልሲም አድርጎ ነው የሮጠው። የሚስማማውን አገኘ፣ አደረገ፣ አለቀ። በ2 ሰዓት ከ12 ደቂቃ ከ11 ነጥብ 2 ሰከንድ ገብቶ ሁለተኛውን ከአራት ደቂቃ በላይ ቀደመው። ከዚያ ሳሩ ላይ ወጥቶ ሰውነቱን ሲያፍታታ ተመልካቹ አፉን ይዞ ቀረ።

ችግሩ ከቶኪዮም የተሳሳተ ትምህርት መውሰዳችን ነው። መስከረም 6 ቀን ትርፍ አንጀቱን ተቀዶ በ35ኛው ቀን ማሸነፉን እየጠቀሱ «አየህ፣ ህመም ማለት ምንም አይደለም» የሚሉ አሉ። ትርፍ አንጀት እኮ ተቆርጦ ከወጣ በኋላ ቁስሉ ይሽራል። የጅማት፣ የጡንቻና የአጥንት ጉዳት እንደዚያ አይደለም፤ እየሮጡበት አይድንም። ለዚህ ምስክር ካስፈለገ ራሱ አበበ አለ። እንደ ፈረንጆቹ በ1966 ስፔን ዛራውዝ ላይም፣ ኮሪያ ውስጥ ከኢንቾን እስከ ሴኡል በተሮጠው ማራቶንም አሸንፏል። በዓመቱ ወደዚያው ዛራውዝ ተመልሶ ሲሮጥ አቋረጠ፤ የጭኑ የኋላ ጡንቻ ተጎድቶ ነበር። ያ ጉዳት በደንብ አልለቀቀውም። ጥቅምት 10 ቀን 1961 ዓ.ም. ሜክሲኮ ላይ ለሦስተኛ ወርቅ ተሰለፈ፣ ወደ 16 ኪሎ ሜትር ገደማ ሲደርስ እግሩ እምቢ አለው። ማሞ ወልዴ በ36 ዓመቱ ወርቁን አመጣ፤ ሁለተኛ የወጣውን ጃፓናዊ ከሦስት ደቂቃ በላይ ነበር የቀደመው። ማሞ ስላሸነፈ የአበበን ማቋረጥ በአንድ ዓረፍተ ነገር እናልፈዋለን። ለኔ ግን ለሯጭ ልጅ ከሮም ይልቅ መማሪያ የሚሆነው የሜክሲኮው ነው። አበበ ቢቂላ በወኔ ብቻ እግሩን ማዳን ካልቻለ ማን ይችላል?

ይሄን ሁሉ የምጽፈው በየዓመቱ የማየው ነገር ስላለ ነው። ከ9ኛና ከ10ኛ ክፍል ሁለት ሦስት ልጆች ሩጫ ይጀምራሉ፣ አንዳንዱ «እንደ አበበ» ብሎ ጫማውን አውልቆ አስፋልት ላይ ይወጣል። በጥቂት ሳምንት ውስጥ ትንፋሹ ይስተካከላል፣ ልብና ሳንባ ቶሎ ይለምዳሉ። አጥንትና ጅማት ግን ወራት ይፈልጋሉ። ልጁ ትንፋሹ ስለፈቀደለት እግሩም የደረሰ ይመስለውና ኪሎ ሜትሩን በአንዴ እጥፍ ያደርገዋል። ከዚያ ቅልጥሙ ላይ ህመም ይጀምራል። ለአሰልጣኙ አይናገርም፣ ከምርጫ ያስቀረኛል ብሎ ይፈራል። ወጌሻ ጋ ሄዶ ያሳሻል።

ወጌሻ ንቄ አይደለም፣ ወለምታዬን ያቃኑልኝ እነሱ ናቸው። ግን በሩጫ ብዛት የተሰነጠቀ አጥንት መታሸት ይብስበታል። ራጅ ላይ እንኳ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ላይታይ ይችላል፤ «ራጅ ተነስቼ ምንም የለም ተባልኩ» ማለት ሁልጊዜ ደህና ነህ ማለት አይደለም። ህመሙ አጥንቱ ላይ በጣት ጫፍ የምታሳየው አንድ ቦታ ላይ ከሆነ፣ ስትጫነው የሚያስጮህህ ከሆነ፣ ማታ ተኝተህም የሚሰማህ ከሆነ፣ ሩጫውን ዛሬውኑ አቁመህ ሐኪም ጋ ሂድ። ባዶ እግርህን መሮጥ ካማረህም መከልከል አልችልም፣ ግን ሳር ላይ፣ ለጥቂት ደቂቃ፣ ቀስ እያልክ በወራት።

እናንተ አሁን ክለብ የገባችሁ፣ ፕሮጀክት ላይ ያላችሁ የቀድሞ ተማሪዎቼ፣ ይሄን ለታናናሾቻችሁ አንብቡላቸው። ህመም ደብቃችሁ የሮጣችሁ ካላችሁም ኮሜንት ላይ ጻፉልኝ፣ ለዘንድሮ ክፍሌ አነብላቸዋለሁ።