ጠይም ፊትና የላፕቶፕ ስክሪን

በሰሜን እስራኤል ባለችው አፉላ ውስጥ ላፕቶፕ ሊገዛ ሱቅ የገባ ሰው ስለ ስክሪኑ ቀለም ቢጠይቅ፣ ነገሩ የገባው ሻጭ የአምራቹን ወረቀት ገልጦ «72 በመቶ ኤንቲኤስሲ» ወይም «45 በመቶ ኤንቲኤስሲ» የሚል መስመር ያሳየዋል። ኤንቲኤስሲ አሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1953 ያጸደቀችው የቀለም ቴሌቪዥን ሥርዓት ነው። እስራኤልም ኢትዮጵያም የተጠቀሙት በፓል ሥርዓት ስለሆነ ኤንቲኤስሲ ሁለቱንም አገር አያውቃቸውም። አሜሪካኖቹ ራሳቸው እንኳ የ1953ቱን ቀለማት ብዙም ሳይቆዩ ትተዋቸዋል፤ ከመካከላቸው ደማቁን አረንጓዴ የሚሰጠው ፎስፈር (ስክሪኑ ላይ የሚያበራው ቅብ) ብርሃኑ ደካማ ስለነበር ፋብሪካዎቹ ፈካ ወዳለው ዞሩ። የሞተው ሥርዓት መለኪያ ግን ዛሬም ላፕቶፕ ይሸጥበታል።

በእስራኤል የቀለም ታሪክ ውስጥ ከዚህ የሚብስ ጉድ አለ። ለሁሉም ተመልካች የሚሆነው የአገሪቱ ቴሌቪዥን በ1968 በጥቁርና ነጭ ጀመረ። ከውጭ የሚገዙት ፕሮግራሞች ባለቀለም ሆነው ሲመጡ፣ ሕዝቡ ውድ ቴሌቪዥን ለመግዛት እንዳይሻማ ተብሎ ቀለሙ ከሥርጭቱ ላይ ሆን ተብሎ ይፋቅ ነበር። ማጥፊያው መሣሪያ «መሒኮን» ይባል ነበር። ሰዉም አርፎ አልተቀመጠም፤ «አንቲ መሒኮን» የሚባል መሣሪያ እያስገጠመ፣ ቀለሙ በሸሸ ቁጥር ከወንበሩ እየተነሳ ቁልፉን ይጠመዝዝ ነበር። ሙሉ የቀለም ሥርጭት የመጣው በ1983 ነው። የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ደግሞ ወደ ቀለም የገባው የኢትዮጵያ ሠራተኞች ፓርቲ (ኢሠፓ) በተመሠረተበት በ1984 ነው። በዚያው ዓመት ኅዳር ላይ የሙሴ ዘመቻ ተጀምሮ ከጎንደር መንደሮች ወጥተው ሱዳን ድረስ በእግራቸው የተጓዙት ቤተ እስራኤል ወገኖቻችን በብዛት እስራኤል መግባት ያዙ። ሁለቱ አገሮች ቀለም ያዩት በአንድ ሰሞን ነው ማለት ይቻላል።

ከዚያ ወዲህ የተነሡት የቤተሰብ ፎቶዎች ናቸው ዛሬ ወደ እኛ የዲዛይን ጠረጴዛ የሚመጡት። ለሠርግ መጥሪያ፣ ለሙት ዓመት፣ ለቤተ እስራኤል በዓል ለሲግድ ፖስተር ይመጣሉ፤ ስካን አድርገን እናስተካክላለን። አንዲት እናት አጠገቤ ቆመው የታተመውን ካዩ በኋላ «ምነው ልጄ፣ እናቴን አመድ አስመሰልክብኝ?» አሉኝ። በላፕቶፑ ላይ ሴትዮዋ ጠይም ነበሩ። ወረቀቱ ላይ ግን ግራጫ ሆነው፣ ከጉንጫቸው በታች ያለው ጥላ ከአንገታቸው ጋር ተዋህዷል።

ጥፋቱ ግማሹ የስክሪኑ፣ ግማሹ የፎቶው ነበር። ኮዳክ ከ1950ዎቹ ጀምሮ ለፎቶ ላቦራቶሪዎች የመመዘኛ ካርድ ይልክ ነበር። በካርዱ ላይ ያለችው ሴት ነጭ ናት፤ ስሟ «ሸርሊ» ሆኖ ቀረ። የሸርሊ ፊት አምሮ ከወጣ ማሽኑ ተስተካክሏል፤ ጠይሙ ሰው ከዚያ በኋላ እንደ ዕድሉ ነው። ነጠላ የለበሰ ሰው ሲሆን ደግሞ ችግሩ እጥፍ ይሆናል። ለፊቱ ብርሃን ሲጨመር ነጠላው ቦግ ብሎ ሽመናው ይጠፋል፤ ለነጠላው ሲቀነስ ፊቱ ይሰምጣል። ኮዳክ ስለ ቡናማ ቀለም መጨነቅ የጀመረው የቸኮሌትና የእንጨት ዕቃ አስተዋዋቂዎች «ዕቃችን በትክክል አይታይም» ብለው ካጉረመረሙ በኋላ ነው፤ መልካቸው የተለያየ ሴቶች በአንድ ካርድ ላይ የወጡት በ1990ዎቹ ነው። ቸኮሌት ከሰው ቀድሞ አቤት ብሎ መሰማቱ አንዳንዴ ያስቀኛል፤ ሁልጊዜ ግን አይደለም።

የስክሪኑን ቁጥሮች ብንመረምር እነሱም ከሰው ዓይን የተቀዱ ናቸው። የዛሬው የቀለም መለኪያ ሁሉ መሠረቱ ዓለም አቀፉ የብርሃን ኮሚሽን በ1931 ያወጣው ሠንጠረዥ ነው። ሠንጠረዡ የተሠራው እንግሊዝ አገር ዴቪድ ራይት በ10፣ ጆን ጊልድ በ7 ተመልካቾች ላይ ካደረጉት ሙከራ ነው። የ17 ሰው ዓይን ለዓለም ሁሉ መመዘኛ ሆነ፤ ደግሞም ሠራ። በ1996 ኤችፒና ማይክሮሶፍት በዚያ ላይ ተመሥርተው ኤስአርጂቢ የሚባለውን የቀለም መመዘኛ አወጡ፤ በ1999 ዓለም አቀፍ ደረጃ ሆነ። የኢንተርኔት ምስል እስከ ዛሬ በአብዛኛው የሚሄደው በእሱ ነው።

ወደ ሻጩ ወረቀት ስንመለስ፣ 72 በመቶ ኤንቲኤስሲ ማለት ስክሪኑ የሚያሳየው የቀለም ስፋት ከሙሉ ኤስአርጂቢ ጋር ተቀራራቢ ነው ማለት ነው። 45 በመቶው ግን ከኤስአርጂቢ ሁለት ሦስተኛውን ያህል ብቻ ይይዛል። ቡናማ ማለት የጠቆረ ብርቱካናማ ስለሆነ፣ ቀይ የሚደበዝዝበት ስክሪን ላይ ቆዳ ሙቀቱን ያጣል። ዲዛይነሩ ያንን አይቶ ቀይ ይጨምራል፤ ሌላ ስክሪን ላይ ያው ፊት በርበሬ ይመስላል። የቄሶቹን ቀይ የሲግድ ጃንጥላማ አያንሡብኝ። በርካሽ ላፕቶፖች ላይ የሚገጠመው ቲኤን ስክሪን ደግሞ አንገትን ቀና ዝቅ ባደረጉ ቁጥር ጥላውን ይለዋውጠዋል። ስለዚህ አይፒኤስ ወይም ኦሌድ የሚባለውን ዓይነት፣ ወደ 100 በመቶ ኤስአርጂቢ የሚጠጋ፣ የቀለም ስህተቱ (ዴልታ ኢ የሚሉት) ከ2 ያነሰ፣ ብርሃኑ ቢያንስ 300 ኒት የሆነ መፈለግ ነው። አፉላ ያለችበት የኢይዝራኤል ሸለቆ የበጋ ፀሐይ በመስኮት ከገባ ግን 300ውም አይበቃም፤ መጋረጃ ከአዲስ ላፕቶፕ ይረክሳል።

እኔ ግን በቁጥሩ ብቻ አልገዛም። ሱቅ ስሄድ በፍላሽ የምይዘው አንድ ፎቶ አለ፤ ጥቁር፣ ጠይምና ቀይ ዳማ የሆኑ ሦስት ሴቶች ነጠላ ለብሰው በጥላ ሥር ተቀምጠዋል። መጀመሪያ ስክሪኑን የሚያቢጫጨውን የማታ ብርሃን አስጠፋለሁ። ከዚያ የማየው ሦስቱ መልኮች መለየታቸውን፣ የጥቁሯ ፀጉር ከኋላዋ ካለው ጨለማ መነጠሉን፣ የነጠላው ሽመናም ሳይነጣ መቅረቱን ነው። ሻጮች ሁልጊዜ የሚያሳዩት የባሕር ዳርቻና የፍራፍሬ ቪዲዮ ነው፤ በዚያ ላይ የማያምር ስክሪን የለም።

ለኅትመት የሚሠራ ሰው የስክሪን መለኪያ መሣሪያ ቢገዛ ወይም ቢዋስ፣ ማተሚያ ቤቱንም የናሙና ወረቀት ቢጠይቅ ደህና ነው፤ ስክሪን ላይ የሚያበራ አረንጓዴ በአራቱ የኅትመት ቀለማት አይወጣም። ግን ሲግድ በ2008 በሕግ ብሔራዊ በዓል ከሆነ ወዲህ ፖስተሩ በዝቷል እንጂ ወረቀቱ እየቀነሰ ነው። አብዛኛው ሥራ የሚያልቀው ዋትስአፕ ላይ ነው። ስለዚህ ከኤስአርጂቢ የሰፋውን አዶቤ አርጂቢ ለሚያሳይ ስክሪን ተጨማሪ ሸቀል ከማውጣት ይልቅ፣ ኤስአርጂቢን በትክክል የሚያሳይ ላፕቶፕና አንድ ያረጀ ርካሽ ስልክ ጠረጴዛ ላይ ይበቃሉ። ፖስተሩን ለቤተ ዘመዱ ከመበተን በፊት መጀመሪያ ለዚያ ስልክ ይላኩት።