ሕግና ሰው በጨዋታ ገበታ

ጨዋታን የሕፃናት ነገር ነው ብሎ ማለፍ የተለመደ ነው። ይሁን እንጂ ሕግ፣ ዳኛና ሽልማት ባሉበት ስፍራ ሁሉ የፖለቲካ ተማሪን የሚመለከት ጥያቄ አለ። በጠረጴዛ ዙሪያ የሚካሄደው የገጸ ባሕርይ ጨዋታ ለዚህ ጥሩ ማስረጃ ነው። በዚህ ጨዋታ እያንዳንዱ ተጫዋች አንድ የልብ ወለድ ሰው በወረቀት ላይ ነድፎ በእርሱ አንደበት ይናገራል፣ በእርሱ ፈንታ ይወስናል። ዳኛው ሁኔታውን ይተርካል፤ አጠራጣሪው ነገር በዳይስ ይቆረጣል። ጨዋታው በተደጋገመ ቁጥር ያ ሰው ይበረታል፣ ይለወጣል። ታዲያ ሰውየውን የሚያሳድገው ደንቡ ነው ወይስ የተጫዋቹ ፈቃድ? የጨዋታው ታሪክ የዚህ ክርክር ታሪክ ነው።

የነገሩ ሥር በፕሩሲያ ሠራዊት ውስጥ ይገኛል። በ1824 (ዘመኑ ሁሉ በኤውሮጳ አቆጣጠር ነው) ሌተና ፎን ራይስቪትስ ለመኮንኖች ማሠልጠኛ የሚሆን «ክሪግሽፒል» የተባለ የጦር ጨዋታ ደንብ አሳተመ። ጉዳቱ ሁሉ በሠንጠረዥና በዳይስ ይሰላ ነበር። ውሎ አድሮ ግን የደንቡ ክብደት ጨዋታውን አጓተተው። ስለሆነም በ1876 ፎን ቬርዲ ዱ ቬርኗ የተባለው መኮንን ሠንጠረዡ ቀርቶ ፍርዱ ልምድ ላለው ዳኛ እንዲሰጥ ሐሳብ አቀረበ። በዚህ ዓይነት የጽሑፍ ሕግና የዳኛ ሕሊና ፊት ለፊት ተገናኙ።

በ1969 በአሜሪካ በሚኒሶታ ግዛት ዴቪድ ዌስሊ «ብራውንስታይን» በተባለው ጨዋታው ለተጫዋቾች በጦር ፈንታ የአንድ ከተማ ነዋሪዎችን ሚና አደለ። ባልደረባው ዴቭ አርነሰን ደግሞ «ብላክሙር» በተባለው ጨዋታው ገጸ ባሕርያቱን ከአንዱ ቀን ወደ ሌላው እያሻገረ እንዲያድጉ አደረገ። አርነሰንና ጋሪ ጋይጋክስ ይህን ሐሳብ በ1974 «ዳንጀንስ ኤንድ ድራጎንስ» በሚል ስም በሦስት ትንንሽ መጻሕፍት አወጡት።

እድገት በነጥብ መቆጠር የጀመረው እዚህ ላይ ነው። ተዋጊው ሁለተኛው ደረጃ ላይ ለመድረስ 2000 የልምድ ነጥብ ያስፈልገው ነበር፤ አንድ የወርቅ ሳንቲም አንድ ነጥብ ያስገኝ ነበር። ውጤቱ ግልጽ ነው። ጀግና ሊሆን የተነሣው ሁሉ ወርቅ ፈላጊ ሆነ። ምርኮኛውን የማረ ሰው ምሕረቱ በወረቀቱ ላይ የሚጻፍበት መስመር አልነበረውም። ተጫዋቾቹ ክፉዎች ስለሆኑ አይደለም፤ መዝገቡ የሚያውቀው ወርቅንና የጠላትን ሬሳ ስለነበር ነው።

ተከታዮቹ መድኃኒት ፈለጉ። በ1977 የወጣው «ትራቭለር» ገጸ ባሕርይው ጨዋታው ሳይጀመር ዕድሜውን በአገልግሎት እንዲያሳልፍ አደረገ፤ ከዚያ በኋላ የሚያድገው እምብዛም ነበር። በ1978 «ሩንክዌስት» ደረጃን ሽሮ እያንዳንዱ ችሎታ በሥራ እንዲዳብር ደነገገ፤ ለመሻሻል የሚጣለው ዳይስ ከያዙት ችሎታ መብለጥ ስላለበት፣ ብዙ ያወቀ ተጨማሪ ለማወቅ ይቸገር ነበር። ይህ ከሕይወት ጋር ይቀራረባል፤ ግን የሚያድገው እጅ እንጂ ልብ አልነበረም።

ልብን ለመመዘን የደፈረው በ1985 የወጣው የግሬግ ስታፎርድ «ፔንድራገን» ነው። ምሕረትና ጭካኔ፣ ሐቀኝነትና ሽንገላ ጥንድ ጥንድ ሆነው፣ የእያንዳንዱ ጥንድ ድምር 20 ይሆናል፤ አንዱ ሲጨምር ሌላው ይቀንሳል። ባላባቱ እንደ ሥራው ይለወጣል። ነገር ግን ጠባዩ ሲጸና ዳይሱ ተጫዋቹ ያልፈለገውን ሊያስደርገው ይችላል። በጎነትን የቆጠረ ሕግ በጎነትን ማዘዝ ጀመረ፤ የታዘዘ ምሕረት ደግሞ ምሕረትነቱ ያጠራጥራል።

ከዚህ ታሪክ የምንረዳው ሚዛኑ በደንብ ብዛትና ማነስ ብቻ እንደማይገኝ ነው። ሕግ የሚከለክለው ሰውን ከጥፋት ይመልሰዋል፤ ሕግ የሚሸልመው ግን ሰውን ይሠራዋል። ስለዚህ ሕግ አውጪ ሊያሳድግ የሚሻውን ነገር በመዝገቡ ማስፈር፣ ለፈቃድም በር መተው ይገባዋል። በስደት ሆነን የማኅበራችንን ደንብ ስናረቅቅና ስለ አገራችን የነገ ሕግ ስንከራከር ስለ ቅጣቱ አንቀጽ ሌሊቱን እንፈጃለን። ደንባችን ማንን እንደሚያከብር፣ ማንንስ እንደሚያሳድግ የምንጠይቀው ግን መቼ ይሆን?