አባይ ያልተሸከመው ግንድ

ወንዝን ተከትሎ የሚቆረጥ ደን ታሪኩ በአመዛኙ የማጓጓዣ ታሪክ ነው። በ19ኛው ምዕተ ዓመት የሰሜን አሜሪካ የእንጨት ኩባንያዎች ግንዱን በመጀመሪያ በወንዝ አንሳፈው ያወርዱ ነበር። በዳርቻው ያለው ዛፍ ሲያልቅ ዳገት የሚወጣ ባቡር አስገቡ፤ ደኑ በተመነጠረ ጊዜም ሐዲዱን ነቅለው ወደ ሌላ ሸለቆ አዛወሩት። ይህ ታሪክ በአሶሳና በአካባቢው ለምን አልተደገመም?

ዋናው ምክንያት የወንዙ ጠባይ ነው። አባይ 1,800 ሜትር ግድም ከፍታ ካለው ከጣና ተነሥቶ ሱዳን ድንበር ሲደርስ ከፍታው ወደ 500 ሜትር ይወርዳል። በመካከሉ ያለው ገደልና ፏፏቴ ግንድም ጀልባም አያሳልፍም። አሜሪካዊው ማክሚላን በ1895 ዓ.ም. ወንዙን በጀልባ ለመውረድ ተነሥቶ ጀልባዎቹ ገና በጉዞው መጀመሪያ ተሰባብረውበታል።

ሐዲድም ቢሆን አልመጣም። በ1894 ዓ.ም. ዳግማዊ ምኒልክ ከእንግሊዝ ጋር የተዋዋሉት ውል ሱዳንን ከኡጋንዳ የሚያገናኝ የባቡር መስመር በኢትዮጵያ ምድር እንዲያልፍ ቢፈቅድም መስመሩ ከወረቀት አላለፈም። በዚሁ ውል መነሻነት የተቋቋመው የጋምቤላ የንግድ ጣቢያም የተጠቀመው በባሮ እንጂ በአባይ አይደለም። በአንጻሩ ወንዙ ለጥ ባለ ሜዳ በሚፈስባት በሱዳን፣ ሱንት የተባለው የዳርቻው ግራር ከሐዲድ ሥር ለሚነጠፍ አግዳሚ ተቆርጧል።

እንግዲህ የአሶሳን ሽመልና የእጣን ዛፍ ከኩባንያ መጋዝ ለረጅም ዘመን የጠበቀው ገደሉ ነበር ማለት ይቻላል። ሕዝቡ ከሽመሉ ቤትና አጥር ይሠራል፣ ለጋውንም ቡቃያ ይመገባል፤ በሰው ትከሻ የሚጓዘው እንጨት ግን ደኑን አይጨርስም።

ዛሬ ያ ጋሻ የለም። መሠረቱ በ2003 ዓ.ም. የተጣለውና በ2017 ዓ.ም. የተመረቀው የህዳሴ ግድብ 74 ቢሊዮን ሜትር ኩብ ውኃ የሚይዝ ሐይቅ ፈጥሯል። ውኃ ከሚተኛበት መሬት ላይ ደን ተመንጥሯል፤ ገደሉ የከለከለውን ጀልባም ሐይቁ ይሸከማል። በየብስም መንገድና የጭነት መኪና ገብተዋል። ሽመል ደግሞ በአንድነት አብቦ በአንድነት የሚደርቅ ተክል ነው። ከዘሩ የበቀለው ችግኝ እስኪጠነክር ከእሳትና ከእርሻ ካልተጠበቀ ቦታው ባዶ ይቀራል።

ስለዚህ መሐንዲስ ድልድዩ የሚሸከመውን ጭነት ሲያሰላ፣ መንገዱ ከሚያደርሰው ደን በየዓመቱ ምን ያህል ሊቆረጥ እንደሚቻልም አብሮ ሊያሰላ ይገባዋል።